አክተሩ ማን ነው?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እኔ ባደግኩበት ሰፈር አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። ቤቱ የጭቃ ነው። መስኮቱ ብርሃን እንዳያስገባ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠርቅሟል፤ በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ የቆመች ሰሌዳ የዕለቱን ፊልም በጠመኔ ታስታውቃለች። የፊልሙ ስም በሰሚ ሰሚ የተጻፈ ስለሆነ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የሚያስገባን ወይም የሚያስመልሰን ከስሙ ጎን የሚጨመረው ቃል ነበር፦ «ካራቴ»፣ «ህንድ»፣ «ጦርነት»፣ «ካውቦይ»። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ስሙኒ ብቻ የያዘ ልጅ ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ይገባል።

አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን፣ ዴኩ ካሴቱን ውጦ ምስሉ ገና እየተንሸዋረረ ሳለ፣ ከወደኋላ የማይቀር ጥያቄ ይመጣል። ዘግይቶ የገባ ልጅ ደግሞ ቦታ ሳይዝ በፊት እሱኑ ይጠይቃል።

«አክተሩ ማን ነው?»

በኛ ሰፈር ቋንቋ አክተር ማለት ተዋናይ ማለት አይደለም። ፊልሙ ውስጥ መቶ ሰው ቢተውን አክተሩ አንድ ነው። ሃያ ሰው ቢከበው የማይያዝ፣ ጥይት ክንዱን ብቻ ጭሮት የሚያልፍ፣ መጨረሻ ላይ ልጅቷን ይዞ የሚሄድ እሱ ነው። «አክተር አይሞትም» የሚል፣ የጻፈው የማይታወቅ ግን ሁላችንም የምንተዳደርበት ሕግ ነበረን። ስለዚህ አክተሩን ቶሎ መለየት የግድ ነው። አለዚያ ልብህን በአምስተኛው ደቂቃ ለሚሞት ሰው ትሰጥና ቀሪውን ሰዓት ሐዘን ተቀምጠህ ታሳልፋለህ።

ፊልም ውስጥ ማን ይታያል፣ ማን ይቀራል፣ የቀረውስ በማን ፊት ተተክቶ ይቀርባል የሚለው ክርክር ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ወረቀት አስፈጅቷል። እኔ ግን ከዚያ የጭቃ ቤት ጥያቄ የተሻለ መነሻ እስካሁን አላገኘሁለትም።

ከከብቱ እንጀምር። ቅዳሜና እሁድ አብዛኞቻችን እረኞች ነበርን። ከከተማው ዳር፣ በጎዛምን መስክ፣ በክረምቱ ጭጋግ ውስጥ የጠፋ ጥጃ ስንፈልግ እንውልና አመሻሹ ላይ ካውቦይ ለማየት እንሰለፋለን። ካውቦይ የሚለው ቃል ሲፈታ እረኛ ማለት መሆኑን የነገረን አልነበረም፤ ቢነገረንም የምናምን አይመስለኝም። እረኛ ቁምጣ ይለብሳል፣ ዱላ ይይዛል፣ ጥጃ ከጠፋበት ይገረፋል። ያኛው ሰውዬ ባርኔጣ አለው፤ በወገቡ ግራና ቀኝ ሽጉጥ ታጥቋል፤ ከብት ደግሞ ሲያግድ እምብዛም አላየነውም። እውነተኞቹ እረኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ እረኛ ለመሰለ ሰው ሳንቲም እንከፍል ነበር።

እውነተኛው የአሜሪካ ካውቦይ ለኛ የቀረበ ሰው ነው። የእርስ በርስ ጦርነታቸው በ1865 ካበቃ በኋላ (በዚህ ምዕራፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቴክሳስ ውስጥ ባለቤት ያጣ የቀንድ ከብት ሞልቶ ነበር። ሥጋው የሚፈለገው በሰሜንና በምሥራቅ ከተሞች ነው። ባቡሩ የሚደርሰው እስከ ካንሳስ ነው። ስለዚህ ከብቱን ለወራት በእግሩ እየነዱ ባቡሩ ድረስ የሚያደርሱ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። ሥራው አቧራ፣ ዝናብ፣ የእንቅልፍ እጦትና ባቄላ ነው። ክፍያው በወር ከ25 እስከ 40 ዶላር ነበር። ሌላ አማራጭ ያለው ሰው የሚመርጠው ሥራ አልነበረም። የገቡበት ድሃ ነጮች፣ ሜክሲኳውያን፣ የአገሬው ተወላጆችና ከባርነት ገና የወጡ ጥቁሮች ናቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ከአራት ካውቦይ አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበረ ይነግረናል። ሙያው ራሱ ከሜክሲኮ እረኞች የተወረሰ ነው፤ ላሶ የሚባለው የገመድ ወጥመድ ስሙም ከስፓኒሽ የመጣ ነው።

እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ላይ ያ ሁሉ ሰው የት ገባ?

ናት ላቭ የሚባል በ1854 ቴነሲ ውስጥ በባርነት የተወለደ ሰው፣ ከብት ነጂ ሆኖ ኖሮ በ1907 የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳትሟል። ባስ ሪቭስም ባሪያ ነበር፤ ከ1875 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ የፌዴራል መንግሥት ሕግ አስከባሪ ሆኖ ሲያገለግል ከ3,000 በላይ ወንጀለኞች መያዙን ራሱ ተናግሯል። በፈረስ፣ በጠመንጃ፣ ዱር ለዱር። ከዚህ የበለጠ ለፊልም የተሰፋ ሕይወት ከየት ይመጣል? ሆሊውድ ግን ካውቦይ ፊልም በገፍ ባመረተባቸው ዓመታት አላየውም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ኸርብ ጄፍሪስ የሚባል ዘፋኝ ጥቁር ካውቦይ የሆነባቸው ጥቂት ፊልሞች ተሠርተው ነበር፤ «ዘ ብሮንዝ ባካሩ» የተባለው የ1939 ነው። እነሱም ርካሽ ሥራዎች ነበሩ፤ የታሰቡትም ለጥቁር ተመልካች፣ ጥቁር ለሚገባባቸው ሲኒማ ቤቶች ነው። የነጩ ሰፈር ልጅ ጥቁር ካውቦይ ሳያይ አደገ። የደብረ ማርቆሱም ልጅ፣ የተላከለት የነጩ ሰፈር ልጅ ፊልም ስለሆነ፣ እንደዚያው።

ለዚህ ክፋትን ብቻ ምክንያት ማድረግ ነገሩን ማቅለል ነው። ሒሳብም አለበት። የደቡብ ክፍለ ሀገራት ሲኒማ ቤቶች ጥቁር መሪ ተዋናይ ያለበትን ፊልም አያሳዩም ተብሎ ይፈራ ነበር። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ በነጭና በጥቁር መካከል ፍቅር ማሳየትን ከልክሏል። ልጅቷን ይዞ መሄድ የማይፈቀድለት ሰው እንዴት አክተር ይሆናል? የኛን ሰፈር ሕግ እንኳ አያሟላም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቋንቋውን ሳንሰማ፣ ታሪኩን ሳናውቅ፣ አክተሩን በምን ነበር የምንለየው? ያኔ በደመ ነፍስ ነው። ካደግኩ በኋላ እነዚያኑ ፊልሞች እንደገና ሳያቸው ግን መልሱ ግልጽ ብሎ ታየኝ። ካሜራው አብሮት የሚውለው ሰው ነው። እሱ ቤት ሲገባ አብረን እንገባለን። ሲያዝን ፊቱን ከቅርብ እናያለን። ሲተኩስ እኛ ያለነው ከአፈሙዙ ኋላ ነው። ከአፈሙዙ ፊት ያለው ሰው አክተር ሊሆን አይችልም።

በ1939 ጆን ፎርድ የሠራውን «ስቴጅኮች»ን ውሰዱ። አንዲት የመንገደኞች ሠረገላ በረሃ ታቋርጣለች። ውስጧ ከከተማ የተባረረች ሴተኛ አዳሪ፣ ሰካራም ሐኪም፣ ነፍሰ ጡር የመኮንን ሚስት፣ የባንክ ገንዘብ ይዞ የሚሸሽ ሰውና የአባቱንና የወንድሙን ደም ሊመልስ የሚሄድ ወጣት አሉ። ወጣቱ ጆን ዌይን ነው። (ደም መመለስ የሚለውን ለጎጃም ልጅ መተርጎም አያስፈልግም።) ከአንድ ሰዓት በላይ ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንንገጫገጫለን፤ ኀጢአታቸውን እናውቃለን፤ ሕፃን ይወለድላቸዋል። ከዚያ ካሜራው በድንገት ዞር ይልና ኮረብታው ላይ የተሰለፉ የአፓቼ ፈረሰኞችን ያሳየናል። ማን ናቸው? ለምን መጡ? ያ መሬት የማን ነበር? አንድም ቃል አይናገሩም። ቁጥራቸውና ጩኸታቸው ብቻ ነው ያለው። ሠረገላዋ ስትሮጥ እኛ ውስጧ ነን፤ በመስኮቷ በኩል የሚተኮስባቸው እነሱ ናቸው።

ከዚያ ትርዒት ሁሉ በዝና የቀረው አንድ አወዳደቅ ነው። አንድ አፓቼ ከራሱ ፈረስ ዘሎ ሠረገላዋን በሚጎትቱት ፈረሶች ላይ ይወጣል፤ በጥይት ይመታል፤ በፈረሶቹ መካከል ይወድቅና ሠረገላዋ ከነመንኮራኩሯ በላዩ ታልፋለች። ያን ያደረገው ያኪማ ካነት የሚባል አደገኛ ትርዒት የሚሠራ ባለሙያ ነው። ስሙ የአገሬው ሰው ያስመስለዋል እንጂ ነጭ ነው። በፊልሙ ውስጥ ላለ አፓቼ የተሰጠችው ትልቋ ተግባር መውደቅ ናት፤ እሷንም ሌላ ሰው ወደቀለት።

ይህ ልማድ ረጅም ዕድሜ ነበረው። «ብሮክን አሮው» በተባለው የ1950 ፊልም ኮቺዝ የተባለውን የአፓቼ መሪ የተጫወተው ጄፍ ቻንድለር የብሩክሊን ልጅ ነው፤ ለዚያ ሥራው ለኦስካር ታጭቷል። በ1956ቱ «ዘ ሰርቸርስ» ስካር የተባለውን የኮማንቺ አለቃ የተጫወተው ሄንሪ ብራንደን ጀርመን የተወለደ ነው። አየን አይስ ኮዲ የሚባለውማ ዕድሜውን ሙሉ፣ ፊልም ላይም ከፊልም ውጭም፣ የአገሬው ተወላጅ ነኝ ሲል ኖሮ፣ በመጨረሻ ወላጆቹ ከሲሲሊ የመጡ ጣሊያኖች መሆናቸው ተገለጠ።

አጃቢዎቹ ግን እውነተኞች ነበሩ። ፎርድ የሚወደው ሞኑመንት ቫሊ የናቫሆዎች መሬት ስለሆነ፣ ናቫሆዎች በቀን ሒሳብ እየተቀጠሩ ዛሬ አፓቼ፣ ነገ ኮማንቺ ሲሆኑ ኖረዋል። በ1964 ስለ ቻየን ሕዝብ ስደት በሠራው «ቻየን ኦተም» ላይ ዋና ዋናዎቹን ቻየኖች የሜክሲኮና የሌላ አገር ተወላጆች ሲጫወቱ፣ ናቫሆዎቹ ከኋላ ቆመው በራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ። ለሚያየው ነጭ የቻየን ጥበብ የሞላበት ንግግር ይመስለዋል። ናቫሆኛ የሚችሉ ተመልካቾች ግን ሲስቁ ይሞታሉ፤ ሰዎቹ የሚባባሉት ከትዕይንቱ ጋር የማይገናኝ ብልግናና ቀልድ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ሰምና ወርቅ ላደገበት ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። አክተርነቱን ቢከለከሉም ወርቁን ለራሳቸው አስቀርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ የልጅነት ግራ መጋባት ልጨምር። በሰሌዳው ላይ «ህንድ» የሚል ፊልም ሲጻፍ የምናውቀው አሚታብ ባችቻንን ነው፤ ዘፈኑን፣ እንባውን፣ ወንድሙን በአንገት ሐብል የሚለየውን። ታዲያ ካውቦይ ፊልም ላይ «ህንዶች መጡ!» ሲባል ላባ የሰኩ ሰዎች ብቅ ይላሉ። ለምን አይዘፍኑም? አንዱ ጓደኛችን እነዚህኞቹ እናት የሌላቸው ህንዶች ናቸው ብሎ አስረድቶን ለጊዜው አምነነው ነበር። በኋላ በ1975 የተሠራው «ሾሌ» መጣና ነገሩን ጨርሶ አደባለቀው። እዚያ ፈረሱ አለ፣ ሽፍታው አለ፣ ባቡር ላይ ተኩስ አለ፤ ግን ካውቦዮቹ ራሳቸው ህንዶች ናቸው። ያን ቀን ሳናውቀው አንድ ትልቅ ነገር አይተናል። ፈረስና ጠመንጃ የማንም ርስት አይደሉም፤ ካሜራ የያዘ ሰው ለራሱ ልጅ ሊያለብሳቸው ይችላል።

ከኛ አንድ ትውልድ ቀድሞ፣ ከአባይ ማዶ ጎንደር ላይ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ ደርሷል። ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ አርበኛ ነበሩ፤ ቴአትር ይጽፋሉ፤ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለው የአርበኞች ታሪክ የእሳቸው ነው። ቤት ውስጥ የገዛ ወገን ተጋድሎ ይጻፋል። ልጁ ግን ከጓደኞቹ ጋር ሲኒማ አይቶ ሲወጣ በጎንደር ተራሮች ላይ ካውቦይና ህንድ ይጫወታል፤ መሆን የሚፈልገውም ካውቦዩን ነበር። ኃይሌ ይህን በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ደጋግሞ ተናግሮታል። ህንዶቹ እንዲያሸንፉ አንድ ቀን እንኳ ተመኝተው አያውቁም። የታርዛን ፊልም ሲያዩም፣ አፍሪካውያኑ ከታርዛን ጀርባ አድፍጠው ሲመጡ፣ የጎንደር ልጆች ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይጮኹ ነበር።

ይህን ሳነብ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ አለቀ። እኛም ጮኸናል። «ከኋላህ! ከኋላህ!» እያልን በአማርኛ።

ጩኸታችን ግን ከመታለል ብቻ የመጣ አይመስለኝም። የደጋ ልጅ ካውቦዩን የሚወድበት የራሱ ምክንያት አለው። ፈረስ እናውቃለን፤ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ፈረሶች እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራን በኮቴ የሚያናውጣት እዚሁ አጠገባችን ነው። ጠመንጃ የወንድነት ጌጥ በሆነበት አገር አድገናል። ለድንበር መሟገት፣ ሸፍቶ ጫካ መግባት፣ ደም ከፍሎ እርቅ መቀመጥ ለኛ ዜና ነው እንጂ ልብ ወለድ አይደለም። በላይ ዘለቀን የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም። እና ያ ባርኔጣ የደፋ ሰው ብቻውን በፈረስ ሲመጣ አንድ የምናውቀው ሰው የመጣ ያህል ተቀበልነው። ባርኔጣው ሥር ያለውን ፊት አላየንም።

ካሜራው ወደ እኛው ዞሮ የተተከለበት ጊዜም ነበር። በ1938 ጣሊያኖች «ሉቻኖ ሴራ ፒሎታ» የሚባል ፊልም አወጡ። ዳይሬክተሩ ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ ነው። ሥራውን በበላይነት የተቆጣጠረው የዱቼው ልጅ ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ኢትዮጵያ ላይ ቦምብ ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ። ከፊሉ የተቀረጸው እዚሁ ወረራ ላይ በነበረችው አገራችን ውስጥ፣ የአገሩን ሰዎች በአጃቢነት አሰልፎ ነው። ታሪኩ የሚጦዘው በባቡር ነው። የጣሊያን ወታደሮች የጫነ ባቡር በረሃ ላይ ይቆማል፤ ነጭ የለበሱ ኢትዮጵያውያን ከየአቅጣጫው ይጎርፉበታል፤ አብራሪው አባት የቆሰለ አብራሪ ልጁን ለማዳንና እርዳታ ለማምጣት ሕይወቱን ይሰጣል። (አክተር ይሞታል። ለሮማ ሲሆን የኛ ሰፈር ሕግ አይሠራም መሰለኝ።)

ይህን ባቡር የት ነው የምናውቀው? ሠረገላዋ ናት። «ስቴጅኮች» የወጣው በማግስቱ ዓመት ስለሆነ አንዱ ከሌላው ቀዳ ማለቴ አይደለም። ሁለቱም የጠጡት ከካውቦይ ፊልም በዕድሜ ከሚበልጥ ምንጭ ነው። ውስጥ ያሉት ስምና እናት አላቸው፤ ውጭ ያሉት ቁጥር ናቸው። አሜሪካኖቹ አገሩን ከያዙ ከብዙ ዘመን በኋላ በትዝታ የሠሩትን፣ ጣሊያኖቹ ገና ጦርነቱ ሳያልቅ ሠሩት። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የሙሶሊኒ ዋንጫን ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫውን የወሰደው የዚሁ ዳይሬክተር «አቡና መሲያስ» ነው፤ ስለ ሚሲዮናዊው ካርዲናል ማሳያ የኢትዮጵያ ቆይታ። እሱም እዚሁ በአገሬው አጃቢዎች ታጅቦ የተቀረጸ ነው። ምኒልክን የተጫወተው ግን ኤንሪኮ ግሎሪ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ኮቺዝን የብሩክሊን ልጅ እንደተጫወተው ማለት ነው።

ቬኒስ ሲያጨበጭብ ጎጃም ምን ላይ ነበረች? በዐመፅ ላይ። ጣሊያን በየምሽጉ ተቀምጦ፣ አርበኛው ዙሪያውን ይዞ። የፊልሙ ሥዕል ሳይለወጥ፣ ከበባው እንዳለ፣ ጆሮ ግን ከምሽጉ ውጭ የሆነበት ሌላ ታሪክ በየቤቱ ይወራ ነበር። አያቴ ስትነግረን ጫካ ውስጥ ያለው ሁሉ ስም አለው፤ አባቱ ይጠራል፣ ደብሩ ይጠራል፣ በቅሎው ሳትቀር ትጠራለች። ምሽግ ውስጥ ያለው «ሶላቶ» ነው። ስንት ሶላቶ ሞተ? ብዙ። ስሙ ማን ነው? ምን ስም አለው፤ ሶላቶ ነው። አያቴ ሲኒማ ገብታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ካሜራ የት እንደሚተከል ግን ከጆን ፎርድ ባልተናነሰ ታውቅ ነበር።

ስለዚህ አንዱን ለይቶ መኮነን አይቻለኝም። ይልቁንም የራሳችንን ኮረብታ ልመልከት። ከደጋው ወደ ምዕራብ፣ ወደ መተከል ቆላ ሲወረድ፣ ጉሙዞች አሉ። ለዘመናት የደጋው መኳንንት ለባሪያ ሲወርዱባቸው ኖረዋል፤ በእኛ አፍ ሲጠሩ የኖሩበት ስም ዛሬ ስድብ ነው። በፉከራችንና በቀረርቷችን ውስጥ ፎካሪው ከነአባቱ ይጠራል፤ የወደቀው ግን ስንት ጊዜ በስሙ ተጠራ? ያ ቆላ ለኛ ምን ነበር ብሎ ራሱን የሚጠይቅ የደጋ ሰው፣ ካውቦይ ፊልም ለምን ቶሎ እንደገባው የሚገባው ይመስለኛል። ሰዋስዉን ከቤት ይዘነው ሄደናል። ከዚያ ማዶ ሆኖ የተቀረጸ ፊልም እኔ እስካሁን አላየሁም፤ ባይ ደግሞ ደስ የሚለኝ መስሎ አይታየኝም፤ ግን ማየት አለብኝ።

በተራችን እኛም የሌላ ሰው ፊልም ውስጥ አለን። የአዲስ አበባ ፊልም ላይ ቁምጣ የለበሰና ዱላ የያዘ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ፣ አፉን ሳይከፍት ተመልካቹ መሳቅ ይጀምራል። ዘበኛ ነው፤ ወይም አስፋልት ለመሻገር የሚፈራ ዘመድ ነው። አነጋገሩ የጎጃም ወይም የሌላ ገጠር ነው፤ ቀልዱም አነጋገሩ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ተቀምጠን እኛም እንስቃለን። ናቫሆዎቹ ቢያንስ የሳቁት በራሳቸው ቀልድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ቀስ እያለ ተንቀሳቅሷል። ፎርድ ራሱ በ1960 «ሳጅን ራትሌጅ»ን ሲሠራ ዉዲ ስትሮድ የሚባለውን ጥቁር ተዋናይ በሐሰት የተከሰሰ የፈረሰኛ ጦር ሳጅን አድርጎ መካከል ላይ አቆመው። የፊልሙ ርዕስ የእሱ ገጸ ባሕርይ ስም ነው። የተዋንያን ዝርዝር ሲወጣ ግን መጀመሪያ የሚመጣው የነጩ ጄፍሪ ሃንተር ስም ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» በተባለው ፊልም ስትሮድ ፖምፒ የሚባል አገልጋይ ሆነ። አንዲት ትዕይንት አለች። ፖምፒ ከልጆች ጋር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የአሜሪካን የነጻነት ዐዋጅ በቃሉ ሊወጣ ይነሳል፤ ይጀምራል፤ ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ የሚለው ቦታ ሲደርስ ይጠፋበታል። መምህሩ ብዙ ሰው ያንን ቦታ ይረሳዋል ይለዋል። ወዲያው ጌታው መጥቶ ወደ ሥራህ ብሎ ያስወጣዋል። ፎርድ ሃያ ምናምን ዓመት ሲሠራው የኖረውን ነገር በዚያች አንድ ደቂቃ ያወቀው ይመስለኛል፤ ተሳስቼም ሊሆን ይችላል።

በ1973 ደግሞ ጥቁሩ መርማሪ ሻፍት ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ተቀረጸ። በመጨረሻ ካሜራው ከጥቁር ሰው ጋር ሆነ፤ ያውም በኛ ምድር። የኛው ደበበ እሸቱም በፊልሙ ውስጥ ዋሳን ሆኖ ተጫውቷል። ዓለሜ የምትባለውን ኢትዮጵያዊት የተጫወተችው ግን አሜሪካዊቷ ቫኔታ ማጊ ናት። ተራራችን አሁንም የሌላ ሰው ታሪክ የሚተላለፍበት መንገድ ነበር። ጥቁር አክተር መኖሩ ብቻውን ካሜራውን ደጃችን አላደረሰውም።

ያን ያደረገው፣ ጎንደር ተራራ ላይ ካውቦይ ሲጫወት ያደገው ልጅ ነው። ኃይሌ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ቺካጎ ቴአትር፣ ካሊፎርኒያ ፊልም ተማረ። በ1974 እዚህ መጥቶ በሁለት ሳምንት ገደማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ፤ ጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ፣ አብዛኞቹ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች። ፊልሙ በ1976 ወጣ። መሬት አለበት፣ ባለርስት አለበት፣ ከብት አለበት፣ ከጣሊያን ጋር ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀና እብድ የሚባል ከበበ የሚሉት ሰው አለበት፤ መጨረሻ ላይ ባለርስቱ በእሱ እጅ ይሞታል። ካውቦይ ፊልም የሚሠራበት ዕቃ ሁሉ አለ። ግን ማንም በፈረስ መጥቶ አያድናቸውም። ካሜራው ገበሬው ሲያርስ አጠገቡ ቆሞ፣ እኛ ቪዲዮ ቤት ብናየው ኖሮ «አሳልፈው!» ብለን የምንጮኽበትን ያህል ጊዜ፣ ዝም ብሎ ያየዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ሳየው አሰልችቶኛል። ዓይኔ የሰለጠነው በሠረገላዋ መስኮት ነበራ።

ከዚያ በ2008፣ ጣና ዳር ወዳለው የተወለደበት መንደር ስለሚመለስ ምሁር የሠራው «ጤዛ» በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን ወሰደ። ሉቻኖ ሴራ በዚያው ከተማ ዋንጫ ከተሸለመ ልክ 70 ዓመት።

የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ተብሎ የሚጠቀሰው በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ነው። ርዕሱ ጥያቄ መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። እኛ «አክተሩ ማን ነው?» ከማለታችን በፊት ታላላቆቻችን የሚጠይቁት ሌላውን ነበር።

ይህን ያወቅኩት ከአባባ ነው። አባባ የምንላቸው የአያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ጣሊያን ሲገባ ልጅ ነበሩ። አንድ ክረምት «ሉቻኖ ሴራ»ን በላፕቶፔ ይዤ ወደ ማርቆስ ሄድኩና የባቡሩን ውጊያ ከፈትኩላቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከምድጃው ራቅ ብለው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ያዩ ጀመር። አብራሪው ሲመጣ አልተነቃቁም። ጣሊያኖቹ ከባቡሩ ሥር ሲተኩሱ ዝም አሉ። እኔ ታሪኩን ልተርክላቸው ጀመርኩ፤ «አባባ፣ አክተሩ እኮ ይሄ ነው፤ ልጁን ሊያድን ነው» አልኳቸው።

«ቆይ፣ መልሰው» አሉኝ።

መለስኩት። ነጭ የለበሰ ሰው ከቁጥቋጦ ይወጣል፣ ይሮጣል፣ ይመታል፣ ይወድቃል። ሁለት ሴኮንድ ቢሆን ነው።

«መልሰው።»

ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ጣታቸውን ዘርግተው መስታወቱን ነኩት። «አወዳደቁን አየኸው? ትከሻውን አስቀድሞ ነው። ይሄ ጉግስ ያውቃል፤ ከፈረስ ወድቆ ያውቃል» አሉ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ይበልጥ ተጠጉ።

«የማን ልጅ ይሆን?»